ሞተሩን የሚያግለው ከፍታው ነው ወይስ ማርሹ? ከአዲስ አበባ ለቀረበ የአርሲ መኪና ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ጉዳዩን ባጭሩ ልድገመው። የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ነው። ዳላስ የሚኖረው ወንድምዎ የእውነተኛ መኪና 1/10 መጠን ያለው፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ፣ ባለ 3500 ኬቪ ብሩሽለስ (ያለ ካርቦን ብሩሽ የሚሠራ) ሞተር የተገጠመለት አርሲ መኪና፣ ማለትም ከርቀት በሬዲዮ የሚነዳ ትንሽ መኪና፣ ልኮልዎታል፤ የኬቪን ትርጉም ከታች እመለስበታለሁ። መኪናው ሲመጣ ባለ 2 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪና ባለ 19 ጥርስ ፒንየን (በሞተሩ አክሱል ላይ የሚገባው ትንሹ ማርሽ) ነበረው፤ እርስዎ ፍጥነት ለመጨመር ሁለት ባለ 3 ሴል ባትሪዎች ገዙለት፤ ፒንየኑንም በባለ 25 ጥርስ ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጅ አያስነካም፣ መኪናው መሐል ላይ በራሱ ይቆማል፣ ከአዲሶቹ ባትሪዎች አንዱም አብጧል። የወንድምዎ ተመሳሳይ መኪና ዳላስ ላይ እንዲህ ስለማያደርግ ጥፋቱን በከተማው ከፍታ አሳበዋል፤ አንድ ወዳጅዎ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ትተው የነዳጅ ሞተር ያለው እንዲገዙ መክሮዎታል። በመጨረሻም በዚህ ነገር ብዙ ዓመት የቆዩ ሰዎች መኪናቸውን እንዴት እንደሚያቆዩት ጠይቀዋል፤ የ12 ዓመት ልጅዎም መንዳት እንደሚፈልግ ነግረውናል።

እኔ የምኖረው በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ነው፤ ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የስስ አየርን ነገር በየሳምንቱ መጨረሻ አየዋለሁ። ሥራዬ የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና ሲሆን አርሲ መኪና መንዳት የጀመርኩት መሪው (በእጅ የሚያዘው የሬዲዮ መቆጣጠሪያ) ገና የሬዲዮ ሞገዱን በሚወስን ክሪስታል ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው። የምሰጥዎት መልስ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከፍታው ድርሻ ቢኖረውም ጥቂት ነው፤ ሞተርዎን የሚያግለው አዲሱ ፒንየንና ሦስተኛው ሴል በአንድነት ናቸው፤ ወደ ነዳጅ መሄድ ደግሞ በእርስዎ ከተማ ችግሩን የሚያብስ እንጂ የሚያቀል አይደለም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊዘገይ የማይገባው አንድ ጉዳይ አለ።

ያበጠውን ባትሪ ዛሬውኑ ከቤት ያውጡት። ሊፖ ባትሪ የሚያብጠው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከመጠን ባለፈ ሙቀት፣ ከልክ በላይ በመሞላት ወይም ከልክ በታች በመውረድ ሲበላሽ ጋዝ ስለሚፈጥር ነው፤ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ አንድ ጊዜ ያበጠ ባትሪም ተመልሶ ጤነኛ አይሆንም። ተጭኖ ለማስተንፈስ፣ በመርፌ ለመብሳት ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ልሙላው ብሎ ቻርጀር ላይ ለማድረግ መሞከር በገዛ እጅ እሳት መጥራት ነው። ደረቅ አሸዋ በያዘ የብረት ቆርቆሮ ወይም የሸክላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ክዳን ካደረጉለትም ጋዝ የሚወጣበት ክፍተት ይተዉ፤ ከግድግዳ፣ ከመጋረጃና ከመኪና ርቆ በግቢው ክፍት ቦታ ይቀመጥ። እብጠቱ ትንሽ ከሆነ፣ ልባሱ ካልተቀደደና ባትሪው ካልሞቀ፣ 5 ዋት የሚሆን የመኪና ፖዚሽን አምፖል በሽቦ አገናኝተው እዚያው አሸዋው ላይ እንዳለ መብራቱ እስኪጠፋ ኃይሉን ያስጨርሱት፤ ሙሉ ከነበረ 10 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ በጠዋት ይጀምሩ። ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ካለው ወይም ልባሱ ከተሰነጠቀ ግን ሽቦዎቹንም አይንኳቸው፤ አሸዋ አልብሰው ይተዉት። ብዙ ሰው ጨው ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍን ይመክራል። እኔ አልመክረውም፤ ጨዉ የባትሪውን መውጫዎች ቀድሞ ስለሚበላቸው ኃይሉ በውስጡ እንዳለ ግንኙነቱ ይቋረጥና ባትሪው ባዶ ሳይሆን ባዶ ይመስላል።

ለምን አበጠ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛውን ባትሪ ስለሚያድንልዎት ቁጥሮቹን ይያዙልኝ። እያንዳንዱ የሊፖ ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ የስያሜ ቮልቱ 3.7 ነው፤ ከ3.0 በታች ከወረደ ጉዳቱ አይመለስም። ስለዚህ የባለ 3 ሴሉ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ሲሆን እኔ በማንኛውም ሁኔታ ከ10.2 በታች እንዲወርድ አልፈቅድም፤ ይህም በሴል 3.4 ማለት ነው። የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ኢኤስሲ ባትሪው ሲደክም መኪናውን የሚያቆም መከላከያ አለው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ኢኤስሲዎች ሊፖንም አሮጌውን የኒኬል ባትሪም ስለሚቀበሉ ይህ መከላከያ ሊጠፋ የሚችል ነው። የመኪናውን መመሪያ ከፍተው መከላከያው የበራ እንጂ የጠፋ አለመሆኑን ያረጋግጡ። መከላከያው ቢኖርም ተራዎቹ ኢኤስሲዎች የሚያዩት የባትሪውን ጠቅላላ ቮልት እንጂ እያንዳንዱን ሴል አይደለም፤ ሁለቱ ሴሎች 3.7 ላይ እያሉ ሦስተኛው 2.8 ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ድምሩ 10.2 ስለሚመጣ ኢኤስሲው ምንም አይልም፤ ደካማው ሴል ግን በዚያች ቅጽበት እየሞተ ነው። ከባትሪው ጎን በሚወጣው ነጭ ባለ 4 ሽቦ ማገናኛ ላይ ቴስተር ይዘው ከጥቁሩ ሽቦ ጀምረው ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሁለት ሽቦዎች ቢለኩ የሦስቱን ሴሎች ቮልት ለየብቻ ያገኛሉ። የቴስተሩ ሁለት መርፌዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ብቻ እጅዎን ያረጋጉ። በሴሎቹ መካከል ከ0.05 ቮልት በላይ ልዩነት ካዩ ባትሪው ሚዛኑን ስቷል፤ ቻርጀሩን ሴሎቹን እኩል በሚያደርገው የባላንስ አሠራር ላይ አድርገው ይሙሉት፤ ልዩነቱ በየጊዜው ተመልሶ ከመጣ ያንን ባትሪ ይሰናበቱት።

ሲሞሉ የአምፔር መጠኑ ከባትሪው መጠን ጋር ይመጣጠን፤ ባለ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በ5 አምፔር ይሞላል፤ መቸኮል የለም። መብራት በሚሄድና በሚመጣበት አካባቢ ሁለት ልማድ ይጨምሩ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ይንቀሉና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ከመጀመሪያው ያስጀምሩት፤ አመላለሱ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቮልት ይዞ ይመጣልና። ነገ እንነዳለን ብሎ ማታ ሞልቶ ማሳደርም ደግ አይደለም፤ ዝናብ መጥቶ መንዳቱ ሲቀር ባትሪው ሙሉ እንደሆነ ሳምንት ይቀመጣል፤ ሊፖን የሚያስረጀው አንዱ ይህ ነው። ለማቆያ ተስማሚው በሴል 3.8 ቮልት ያህል ነው፤ ቻርጀርዎ የማቆያ አሠራር ካለው እሱን ይጠቀሙ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከዳላስ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በዚህ ምክንያት ጉልበቱን አያጣም፤ የሚያጣው ማቀዝቀዣውን ነው፤ የሳሳ አየር በሞተሩ ክንፎችና በፋኑ ላይ ሲያልፍ ይዞት የሚሄደው ሙቀት አነስተኛ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። ነገር ግን የወንድምዎን ሁኔታ ያስቡ፤ የዳላስ በጋ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱ የተለመደ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን 23 ወይም 24 ዲግሪ ነው። የእሱ ሞተር የሚቀዘቅዘው ወፍራም ነገር ግን ሞቃት በሆነ አየር ነው፤ የእርስዎ በስስ ነገር ግን በቀዝቃዛ አየር ነው፤ ሁለቱ በአብዛኛው ይቻቻላሉ። እሱ ባለ 2 ሴሉን ባትሪና ባለ 19 ጥርሱን ፒንየን እንዳልቀየረ በጥያቄዎ ላይ ራስዎ ጽፈዋል፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ኬቪ ማለት ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። 3500 በ7.4 ቮልት ሲባዛ 25,900 ዙር ይሰጣል፤ በባለ 3 ሴሉ 11.1 ቮልት ግን 38,850 ይሆናል። የመኪናዎ ትልቁ ማርሽ 86 ጥርስ ሲሆን በካምቢዮው ውስጥ ያለው ቋሚ ቅነሳ 2.72 ነው ብለዋል። በ19 ጥርስ ፒንየን 86ን ለ19 አካፍለን በ2.72 ብናባዛ ሞተሩ 12.3 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፤ በ25 ጥርስ ግን 9.4 ጊዜ ብቻ። የጎማው ዙሪያ 34.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ መኪናው እንደመጣ በወረቀት ላይ በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን እርስዎ የጠየቁት 86 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ ለውጦች ተባዝተው ፍጥነቱን እጥፍ አደረጉት እንጂ ትንሽ አልጨመሩበትም።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚወጣው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ እርከን ስለሚያድግ እስከ ስምንት እጥፍ ይሄዳል። ሞተሩ ወደዚያ ፍጥነት መድረስ ስለማይችል በመሐል ሆኖ ሳያቋርጥ ከፍተኛ አምፔር ይስባል፤ በመጠምጠሚያው ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። የእንጦጦን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ቆሞ ለመነሳት የሚታገል ሾፌር በፍሪሲዮኑ ላይ የሚያደርሰውን እርስዎ በሞተሩና በባትሪው ላይ እያደረሱ ነው። ባትሪውም ያበጠው ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

ስለዚህ የምመክርዎት ሁለት ምርጫ ነው። የመጀመሪያው ወደ ባለ 2 ሴሉ ባትሪና ወደ 19 ጥርሱ መመለስ ነው፤ ለልጅዎ የምመርጠውም ይህንን ነው። ሁለተኛው ባለ 3 ሴሉን ባትሪ ይዞ ፒንየኑን ወደ 15 ጥርስ ማሳነስ ነው። በዚህ ጊዜ ቅነሳው 15.6 ይሆናል፤ የወረቀት ፍጥነቱም በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ይህም መኪናው ሲመጣ ከነበረው ይበልጣል፤ ሞተሩ ግን ጭነቱ ስለቀለለት ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፤ ሲነሳም ይወረወራል። ብዙ ጀማሪ ቮልት ሲጨምር ፒንየንም ይጨምራል፤ ልምድ ያለው ሰው ቮልት ሲጨምር ፒንየን ይቀንሳል።

ፒንየኑን ሲቀይሩ በሁለቱ ማርሾች መካከል ያለው ክፍተት ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከደብተር ላይ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ቆርጠው በሁለቱ ማርሾች ጥርስ መካከል ያስገቡ፤ ሞተሩን ወደ ትልቁ ማርሽ ጠጋ አድርገው ብሎኖቹን ያጥብቁ፤ ከዚያ ማርሹን በእጅ እያዞሩ ወረቀቱን ያውጡት። ወረቀቱ በጥርሶቹ ቅርጽ ተጣጥፎ ነገር ግን ሳይቀደድ ከወጣ ክፍተቱ ልክ ነው፤ ከተቀደደ ጠብቋል፤ የጠበቀ ማርሽ ደግሞ ብቻውን ሞተር ለማጋል ይበቃል። ትልቁን ማርሽ አንድ ዙር ሙሉ አዙረው በየቦታው ይፈትሹት፤ የፕላስቲክ ማርሽ ፍጹም ክብ ላይሆን ይችላልና ልኩን በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ይውሰዱ።

ከዚያ ይለኩ። ካልተለካ ሁሉ ነገር ግምት ነው። 5 ደቂቃ ነድተው ያቁሙና በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የሞተሩን አካል ይለኩት፤ 60 ዲግሪ በጣም ጥሩ ነው፤ 70 የሚፈቀድ ነው፤ 80 ከደረሰ ቆመው ፒንየኑን በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ይቀንሱ። በሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ኒዮዲሚየም ነው፤ ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ በላይ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፤ ለሞተር የሚመረጡት ዓይነቶች ከዚያ የበለጠ ቢችሉም ውጩ 80 ሲሆን ውስጡ ከዚያ በላይ መሆኑን አይርሱ። ማግኔቱ የተዳከመ ሞተር አሳሳች ምልክት አለው፤ ያለ ጭነት ሲዞር ከበፊቱ የበለጠ ይፈጥናል፤ መሬት ላይ ሲሆን ግን ጉልበት የለውም፤ ብዙ አምፔርም ይበላል፤ ስለዚህ እንደገና ይግላል። ቴርሞሜትር ከሌለ ሰዎች የውኃ ጠብታ ሞተሩ ላይ ጣል አድርገው መንጨርጨሩን ያያሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ስለሆነ ጠብታው ሲንጨረጨር ድንበሩን አልፈዋል ማለት ነው፤ ይህ ፈተና ለእርስዎ አይሆንም።

መኪናው በራሱ የሚቆመው ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው፤ ለመለየትም ቀላል ነው። በቆመበት ቅጽበት ሴሎቹን ይለኩ፤ በሴል 3.4 አካባቢ ከሆኑ ኢኤስሲው ባትሪውን እየጠበቀልዎት ነው። ሴሎቹ 3.7 እና ከዚያ በላይ ሆነው ከቆመ የሚጠብቀው ራሱን ከሙቀት ነው፤ 10 ደቂቃ ሲያርፍ ተመልሶ ይሠራል፤ እንዲህ በሆነ ቁጥር ግን ዕድሜው ያጥራል።

ስለ ነዳጁ የወዳጅዎ ምክር ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ድምፁና ጭሱ ልብ ይሰርቃል፤ እኔም ለዓመታት ነድቼዋለሁ። ለ1/10 እና ለ1/8 መኪና የሚሆነው አነስተኛ ሞተር የሚነዳው በቤንዚን ሳይሆን በሜታኖል፣ በናይትሮሜቴንና በዘይት ድብልቅ ነው። ካንዴላው ብልጭታ አይሰጥም፤ ሲነሳ በባትሪ ይግልና ከዚያ በኋላ የፕላቲኒም ሽቦው ከሜታኖሉ ጋር በሚፈጥረው ምላሽ እንደጋለ ይቆያል። ይህ ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ አዲስ አበባ ላይ ከአምስት እጅ አንዱ ከመንዳትዎ በፊት ሄዷል። ከዚህ የባሰው የካርቡሬተሩ ነገር ነው። የፋብሪካው መመሪያ የሚሰጠው፣ የነዳጁን መጠን የሚወስነው መርፌ አቀማመጥ ለዝቅተኛ ቦታ የታሰበ ስለሆነ በኦሮራ እንኳ ነዳጅ ያበዛብናል፤ መርፌውን ስናጠብቅ ደግሞ ትንሽ ከልክ ካለፈ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ሞተሩ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ዘይትም ያጣል፤ ፒስተኑ ያለ ዘይት ይሮጥና በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ጠዋት ብርድ ላይ የተስተካከለው እኩለ ቀን ላይ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል። ነዳጁም ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞት መምጣት አይችልም፤ ወንድምዎ ሊልክልዎት የማይችለውን ነገር መኪናው በየቀኑ ይጠይቅዎታል። በ1/5 መጠን የሚሠሩት ትልልቆቹ መኪናዎች ተራ ቤንዚን ከሁለት ስትሮክ ዘይት ጋር ስለሚጠቀሙ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ክብደታቸው ግን ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ ልጆች በሚሯሯጡበት ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር እንዲነዱ ልመክርዎ አልችልም።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ሰው በዚህ ነገር ዓመታት የሚቆየው እንዴት ነው? ለገበያ የቀረቡት የአርሲ መኪናዎች ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1966 ይጀምራል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ በዚያ ዓመት ኤልጂ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ 1/12 መጠን ያለው ፌራሪ 250 ኤልኤም አወጣ። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያውን፣ ፖርሽ 934ን፣ በ1976 አቀረበ፤ በ1984 ደግሞ ግራስሆፐርና ሆርኔት የተባሉት ቀላል የአቧራ መኪናዎቹ ወጡ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አሶሺየትድ የተባለው ኩባንያ ወርቃማ የአሉሚኒየም ሻሲ ያለውን አርሲ10 ይዞ መጣ። ሆርኔት በ2004 ዳግም ተመርቶ ለገበያ ቀርቧል፤ ከ1984 የነበሩት ኦሪጅናሎቹም ዛሬ ድረስ የሚነዱ አሉ። ይህን የማነሣው ለትዝታ አይደለም። እነዚያ መኪናዎች በሕይወት የቆዩት ልካቸው የጋራ ስለነበር ነው፤ 540 የሚባለው ሞተር ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የአክሱሉ ውፍረት 3.17 ሚሊ ሜትር፣ የማሰሪያ ብሎኖቹ ርቀት 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለዐሥርተ ዓመታት ስለቆየ የአሁኑ ብሩሽለስ ሞተር በአሮጌው ሻሲ ላይ ይገባል። የሚቀጥለውን መኪናዎን ሲመርጡ ከፍጥነቱ በፊት መለዋወጫው በጋራ ልክ የተሠራ መሆኑን ይዩ።

ኩሽኔታውን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በብዙ 1/10 መኪናዎች ጎማ ውስጥ የሚገባው ኩሽኔታ ውስጡ 5፣ ውጩ 11፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በኩሽኔታ ነጋዴዎች ዘንድ ኤምአር 115 ይባላል፤ 10 በ15 በ4 የሆነው ደግሞ 6700 ነው። ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን አውጥተው በካሊፐር ይለኩ፤ ከዚያ የመኪናውን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ይዘው ገበያ ይውጡ፤ የአርሲ መኪና ዕቃ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፤ ቁጥር ይዞ የሄደ ግን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የብረት መሸፈኛ ያለው ኩሽኔታ ለአዲስ አበባ አቧራ አይሆንም፤ ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተሸፈነውን ይምረጡ።

ከእያንዳንዱ መንዳት በኋላ ደረቅ ብሩሽ ይዘው አቧራውን ያራግፉ፤ ከዚያ ጎማዎቹን ፈትተው ቸርኬው የሚያርፍበትን ቦታ ይመልከቱ። ሣር፣ ክርና ፀጉር በአክሱሉ ላይ ተጠምጥመው በኩሽኔታው ጎን ተወትፈው ያገኛሉ፤ ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ሰው አያውቀውም። በወረንጦ ጎትተው ያውጡት፤ ከዚያ ጎማውን በጣት መታ አድርገው ያዙሩትና ያዳምጡ፤ ጥሩ ኩሽኔታ ድምፅ ሳያሰማ ረጅም ይዞራል፤ አሸዋ የገባበት ይንሾካሾካል፤ የሞተው ደግሞ በድንገት ይቆማል። በሰኔ ዝናብ ሲጀምር ኤሌክትሮኒክሱ ውኃ ይችላል የሚል ጽሑፍ በሳጥኑ ላይ ቢያዩም ኩሽኔታውና የሞተሩ አክሱል ውኃ አይችሉም፤ ጭቃ ውስጥ ከነዱ ያንኑ ዕለት አድርቀው ቀጭን ዘይት ጠብ ያድርጉላቸው።

ብሎን ሲያስሩም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት መኪና አብዛኛው ብሎን የሚገባው በቀጥታ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ብሎኑን ሲመልሱ መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ቀጭ ብሎ ወደ አሮጌው ጥርስ ሲወድቅ በእጅዎ ይሰማዎታል፤ ያን ጊዜ ያጥብቁት። ይህን ያላደረገ ሰው በየጊዜው አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ፕላስቲኩን ባዶ ቀዳዳ ያደርገዋል። ብሎን የሚያጣብቀው ሰማያዊ ፈሳሽ ብረት ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ይደረግ፤ ፕላስቲክን ያሰነጥቃል። 2.0 እና 2.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥሩ የአለን መፍቻዎች ይግዙ፤ ገንዘብ ማውጣት ካለብዎት ከአዲስ ሞተር ይልቅ እዚህ ላይ ያውጡት፤ ርካሽ መፍቻ የብሎኑን ራስ ይበላና የ5 ደቂቃውን ሥራ የግማሽ ቀን ያደርገዋል።

ልጅዎን በተመለከተ፣ የዛሬዎቹ መሪዎች በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ ብዙ ሰው በአንድ ሜዳ አብሮ ይነዳል፤ በክሪስታሉ ዘመን በ27 ሜጋኸርዝ የነበሩን ስድስት ቀለሞች ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ሰው ቀይ ከያዘ አንዱ መቀመጥ ነበረበት። አሁን የቀረው አደጋ ግንኙነቱ ሲቋረጥ መኪናው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ሁልጊዜ ሲጀምሩ መሪውን አስቀድመው ያብሩ፤ ሲጨርሱም መሪውን መጨረሻ ላይ ያጥፉ። ከመንዳትዎ በፊት ግን አንድ ፈተና ያድርጉ፤ የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተው በቀስታ እያዞሩ መሪውን ያጥፉት፤ ጎማው ካልቆመ መኪናው መሬት አይነካም። ኢኤስሲዎ ግማሽ ኃይል ብቻ የሚሰጥ የመለማመጃ አሠራር ካለው እሱን ያብሩለት፤ ሰው፣ ውሻና ባጃጅ የማያልፍበት ሜዳ ይምረጡ፤ መኪናው ወደ ሰው ከሄደ አቅጣጫውን ለመጠምዘዝ ከመሞከር በፊት ፍሬን መያዝን ያስተምሩት።

ወንድምዎ ዕቃ ሲልክ ባትሪ በሻንጣ ወደ ጭነት ክፍል አይገባም፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚጓዘው፤ ወሰኑም ያለ ልዩ ፈቃድ 100 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ፤ ባለ 2 ሴል 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት፣ ባለ 3 ሴሉ 55.5 ስለሚሆን ሁለቱም ያልፋሉ። ባትሪው በማቆያ ቮልት ላይ ይሁን፤ ማገናኛው በፕላስተር ይሸፈን፤ የአየር መንገዱንም ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከባትሪው ይልቅ ግን ባለ 15፣ 17 እና 19 ጥርስ ፒንየኖች፣ ሁለት ትርፍ ባለ 86 ጥርስ ማርሽና የፊት ጎማዎቹን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙትን የፊት እጆች ይላክልዎት፤ ቀድመው የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው። የፒንየኑ ጥርስ መጠን ከትልቁ ማርሽ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ የእርስዎ 48 ፒች (ፒች የጥርሶቹ መጠን መለኪያ ነው) ስለሆነ 32 ፒች ቢመጣ አይገጥምም።

ባለ 15 ጥርሱን ፒንየን ከገጠሙ በኋላ 5 ደቂቃ ነድተው የሞተሩን ሙቀት፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት፣ የዕለቱን የአየር ሙቀትና የነዱበት ሜዳ ሣር ይሁን አስፋልት ጽፈው ይላኩልኝ፤ በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ተመሥርቼ ወደ 17 ማደግ ይችሉ እንደሆነ እነግርዎታለሁ።